የካንቫስ ህትመት ፍሬም፦ ተወጥሮ የሚሸጠው፣ አናጺ የሚሠራው ወይስ እቤት የሚሠራው?

የተጠቀለለ ህትመት ይዘው «የት ላስወጥረው?» የሚሉ ሰዎች ጥያቄ አያልቅም። አንዱ ከውጭ ያለ ዘመድ በቱቦ የላከለት የቤተሰብ ፎቶ ነው፣ ሌላው እዚሁ አዲስ አበባ ያሳተመው የላሊበላ ወይም የሰርግ ሥዕል። ተወጥሮ የተዘጋጀውን ገዝተው በመጀመሪያው ክረምት መሐሉ የረገበባቸው፣ አንዱ ማዕዘን ከግድግዳው የተነሳባቸውም ብዙ ናቸው። መልሴ ለሁሉም አንድ ነው፦ ገንዘባችሁን ጥሩ ህትመትና ደረቅ እንጨት ላይ አውሉት፤ ፍሬሙን ራሳችሁ ገጣጥሙት፣ ራሳችሁ ወጥሩት። ተወጥሮ የሚሸጠውን መግዛት ያለባችሁ ሻጩ ጀርባውን ገልብጣችሁ እንድታዩ ከፈቀደ ብቻ ነው።

ከዋጋው እንነሳ። ሱቅ ዋጋ የሚጠራው በአንድ ሥዕል፣ ማተሚያ ቤት ደግሞ በካሬ ሜትር ስለሆነ ሁለቱን እንዳሉ ማወዳደር አይቻልም። 60 በ80 ሳንቲሜትር የሆነ ሥዕል 0.48 ካሬ ሜትር ነው። ሱቁ የጠራውን ዋጋ ለ0.48 አካፍሉት። ከዚያ ማተሚያ ቤት ደውላችሁ የጥጥ ካንቫስ ህትመት ብቻውን ካሬው ስንት እንደሆነ ጠይቁ። እንጨት ተጨምሮበት፣ ተወጥሮ፣ የሱቅ ኪራይ ተሸክሞ የሚሸጠው ከባዶው ህትመት ከረከሰ ጨርቁን ተጠራጠሩ፤ አብዛኛውን ጊዜ ለማስታወቂያ የሚውለው ፍሌክስ ባነር ሆኖ ይገኛል። ፍሌክስ ጀርባው ለስላሳ ነጭ ፕላስቲክ ነው፣ ይሸታል፣ ወደ ብርሃን ሲያዙት የክር መረቡ ሳስቶ ይታያል። እውነተኛ ካንቫስ ጀርባው ሽምኑ በግልጽ የሚታይ ጨርቅ ነው፤ ከተቆረጠው ጠርዝ ክር መዝዛችሁ ማውጣት ትችላላችሁ። ፖሊስተር ካንቫስም ካንቫስ ነው፣ ማታለል አይደለም፣ ግን ከረገበ በውሃ አይሰበሰብምና በጥጥ ዋጋ አትግዙት።

እቤት ለሚሠራው ሒሳቡ ሌላ ነው። የፊቱ ጠርዝ (በኋላ የምገልጸው ስስ እንጨት) ተጨምሮ የፍሬሙ ጎን 3.5 ሳንቲሜትር ከሆነ፣ ከጀርባ ጨርቁን የሚይዘውን የስቴፕለር ሽቦ ለመምቻ ሌላ 2.5 ያስፈልጋል፤ በየጎኑ 6 ሳንቲሜትር ትርፍ ማለት ነው። ስለዚህ የ60 በ80 ሥዕል የሚፈጀው ጨርቅ 72 በ92 ነው፣ 0.66 ካሬ። ከ0.48 ጋር ሲተያይ 38 በመቶ ብልጫ አለው። ለምሳሌ ካሬው 1000 ብር ቢሆን 480 ብር የመሰላችሁ ሥዕል 662 ብር ይወጣበታል። ይህን ለመቆጠብ ብሎ ትርፉን ማስቀነስ ግን ከሁሉ የከፋ ቁጠባ ነው፤ ለመያዣ የሚሆን ጨርቅ የሌለው ህትመት አይወጠርም፣ ቢወጠርም ነገ ሲረግብ ደግሞ መሳብ አይቻልም። ማተሚያ ቤቱ የሚያስከፍለው በጥቅሉ ሙሉ ስፋት መሆኑን አስቀድማችሁ ጠይቁ። በ1.52 ሜትር ጥቅል ላይ 72 የሚሰፉ ሁለት ሥዕሎች ጎን ለጎን ይገባሉ፤ አንድ ብቻ ካሳተማችሁ የሌላውን ቦታ በባዶ ትከፍላላችሁ። ለአንድ ሥዕል የ91 ሳንቲሜትር ጥቅል ያለውን ፈልጉ።

እንጨቱም ላይ ብልጠት አለ። የ60 በ80 ዙሪያ 2.80 ሜትር ነው፤ መጋዙ የሚበላው ተጨምሮበት ከአንድ የ3 ሜትር እንጨት ይወጣል። 60 በ90 ካላችሁ ዙሪያው ድፍን 3 ሜትር ይሆንና መጋዙ የበላው ብቻ አጉድሎት ሁለተኛ እንጨት ያስገዛችኋል። በሦስት ተከፍሎ ጎን ለጎን የሚሰቀለውማ ይብስበታል። ሦስት 30 በ60 ሥዕሎች ስፋታቸው ከአንድ 60 በ90 ጋር እኩል ነው፣ 0.54 ካሬ። እንጨቱ ግን ከ3 ሜትር ወደ 5.40 ያድጋል፣ ጨርቁም ከነትርፉ ከ0.73 ወደ 0.91 ካሬ። አሠሪው ካላወቀው ይህን ሁሉ የሚከፍለው ለክፍተቱ ነው።

መሣሪያ ለሌለውና አንድ ሥዕል ብቻ ላለው ሰው ሁሉንም ነገር እቤት መሥራት አያዋጣም፤ ስቴፕለሩ ብቻውን ሒሳቡን ያፋልሰዋል። እንጨቱን አናጺ ይቁረጥላችሁ፣ ሽቦውን ደግሞ ሶፋ የሚሠራ ሰው ይምታላችሁ። ሦስትና ከዚያ በላይ ሥዕል ካለ ግን የእጅ ስቴፕለር ግዙ።

አሁን ዋናው ነገር፣ እንጨቱ። ተወጥረው በሚሸጡት ጀርባ በብዛት የሚገኘው ባሕር ዛፍ ነው፣ ያውም ከተሰነጠቀ ያልቆየ። ባሕር ዛፍ ለጣራ ሞራሌ የታወቀ ነው፣ ክብደት ይችላል። እርጥብ ሳለ ፍሬም ከሆነ ግን ሲደርቅ ይጠማዘዛል፣ ጫፉ ይሰነጠቃል፣ ሥዕሉ ሦስት ማዕዘኑ ግድግዳ ነክቶ አራተኛው ይነሳል። ከዚያ ወዲያ መድኃኒቱ ፍሬሙን መቀየር ብቻ ነው። በደንብ የደረቀው ደግሞ በጣም ስለሚጠነክር የእጅ ስቴፕለር ሽቦውን እስከ ግማሽ አስገብቶ ይተወዋል፤ ብሎንም አስቀድሞ በትራፓን ካልተበሳለት እንጨቱን ይተረትረዋል።

ኤምዲኤፍና ቺፕውድ (ከደቀቀ እንጨት በሙጫ ተጨምቀው የሚሠሩ ሰሌዳዎች) ቀጥ ብለው ይቆያሉ፣ ግን ሽቦ በጠርዛቸው ሲገባ ይፈረፈራሉ፣ እርጥበት ሲነካቸው ያብጣሉ። ጨርቁን ኤምዲኤፍ ላይ በሙጫ ለጥፎ «ካንቫስ» ብሎ መሸጥም አለ። እሱ አይረግብም፣ ይህን አልክድም። ነገር ግን አንድ ቦታ ከተላቀቀ ይነፋል፤ ጨርቁን ሳይቀዱ ነቅሎ ወደ ሌላ ፍሬም ማዛወር አይቻልም። የልጅነት ፎቶ ወይም የአባት ምስል እንዲህ ባለ ነገር ላይ አታስለጥፉ።

ዋንዛን በጨርቅ ለሚሸፈን ሥራ ማዋል ብክነት ነው። የፈረንጅ ጥድ አንጓ ከሌለውና ከደረቀ ይሆናል። የእኔ ምርጫ ከውጭ ዕቃ ጭኖ የመጣ የፓሌት እንጨት ነው፣ ያ ነጩ ፓይን። ቀላል ነው፣ ሽቦ ይቀበላል፣ ዕቃ ተሸክሞ ስለቆየም መጣመም የነበረበት አስቀድሞ ተጣሞ ይለያል፤ እናንተ ቀጥ ያለውን ትመርጣላችሁ። ላዩ ላይ የተመታውን ማኅተም አንብቡ። «ኤችቲ» (HT) የሚለው በሙቀት የታከመ ነው፣ እምብርቱ ድረስ 56 ዲግሪ ለ30 ደቂቃ። «ኤምቢ» (MB) የሚለው በሜቲል ብሮማይድ ጋዝ የታጠነ ነውና እቤት አታስገቡት። ለፍሬም የሚሆነው 3 በ4 ሳንቲሜትር የሚወጣው ከላይ ከተነጠፈው ስስ ጣውላ ሳይሆን ከሥር ካለው ወፍራም ተሸካሚ ነው። ምስማሩ ተነቅሎ ሳያልቅ ለአናጺ ማሽን አትስጡት፤ ምላጭ ይሰብራል፣ ምላጩንም ያስከፍላችኋል።

የትኛውም እንጨት መድረቁን ለማወቅ የወጥ ቤት ሚዛን ይበቃል። አንድ ቁራጭ መዝኑ፣ ቤት ውስጥ ሳምንት አቆዩት፣ ደግማችሁ መዝኑ። ክብደቱ አሁንም እየቀነሰ ከሆነ ገና ነው። ትንንሽ ክብ ቀዳዳ ካለውና ሲያንኳኩት ደቃቅ ዱቄት ከረገፈ ነቀዝ አለበት፤ በነጻም ቢሰጧችሁ አትውሰዱት።

ስለ መጋጠሚያው ብዙ ሰው የሚለፋው በከንቱ ነው። 45 ዲግሪ መቁረጥ የመስታወት ፍሬም ባህል ነው፣ ማዕዘኑ ስለሚታይ። እዚህ ማዕዘኑን ጨርቅ ይሸፍነዋል። በእጅ መጋዝ 45 ዲግሪ በትክክል አይወጣም፤ ቢወጣም ኮላው የሚይዘው የእንጨቱን የተቆረጠ ጫፍ ስለሆነ ደካማ ነው። ከዚያ ይልቅ ጫፎቹን ግማሽ በግማሽ ቆርጣችሁ ደራርቧቸው፦ 3 ሳንቲሜትር ውፍረት ካለው ላይ 1.5 ጥልቀት፣ 4 ርዝመት። ኮላው 4 በ4 ሳንቲሜትር ሙሉ ፊት ያገኛል። በየማዕዘኑ አንድ የ2.5 ሳንቲሜትር ብሎን ጨምሩ፣ ሌሊቱን ይደር። ኮላው ሳይደርቅ ሰያፉን ለኩ፤ 60 በ80 ላይ ሁለቱም ሰያፎች ልክ 100 ሳንቲሜትር መሆን አለባቸው። አንዱ 100.5 ሌላው 99.5 ከሆነ ረጅሙን ገፋ አድርጉት። ከደረቀ በኋላ አይታረምም፣ የተጣመመ ፍሬም ላይም ሥዕሉ ቀጥ ብሎ አይቀመጥም።

አናጺዎች አዘውትረው የሚዘሉት ነገር የፊቱ ጠርዝ ነው። ፍሬሙ ፊቱ ዝርግ ከሆነ ጨርቁ በእንጨቱ ሙሉ ስፋት ላይ ይተኛል፤ ከጊዜ በኋላ የእንጨቱ የውስጥ ጠርዝ በሥዕሉ ላይ እንደ መስመር ይወጣል። ስለዚህ በውጭው ጠርዝ ዙሪያ 1 ሳንቲሜትር ስፋትና 5 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ስስ እንጨት በኮላ ይለጠፍ፤ ጨርቁ የሚነካው እሱን ብቻ ይሆናል። የውጭ ሹሉን በብርጭቆ ወረቀት አለዝቡት፤ በተለይ በዩቪ ብርሃን በሚደርቅ ቀለም የታተመ ሥዕል ስለት የሆነ ጠርዝ ላይ ሲታጠፍ ቀለሙ ይሰነጠቃል። አናጺ የምታሠሩ ከሆነ ይህን ጠርዝና ግማሽ በግማሹን መጋጠሚያ በወረቀት ስላችሁ ስጡት። ያለዚያ የለመደውን የፎቶ ፍሬም ሠርቶ ያመጣላችኋል፣ ዋጋውም አይቀንስም።

ሲወጠር ጨርቁ ብርድ የያዘው መሆን የለበትም። ተጠቅልሎ የቆየውን ሞቅ ባለ ክፍል ዘርግታችሁ አሳርፉት። የሥዕሉን ፊት ንጹሕ ብርድ ልብስ ላይ ደፍታችሁ የየጎኑን መሐል በእርሳስ ምልክት አድርጉ። የመጀመሪያው ሽቦ በረጅሙ ጎን መሐል፣ ሁለተኛው ትይዩው ላይ ተስቦ፣ ከዚያ አጭሮቹ መሐል። ቀጥሎ ከመሐል ወደ ማዕዘን፣ አንዴ ከዚህ አንዴ ከትይዩው፣ በየ5 ሳንቲሜትሩ። አንዱን ጎን ጨርሶ ወደ ሌላው መሄድ በማዕዘኑ ላይ በሰያፍ የሚሮጥ እጥፋት ይፈጥራል፤ እሱን ለማጥፋት ሁሉንም ነቅሎ እንደገና መጀመር ነው። ለ60 በ80 ወደ 56 ሽቦ ይሄዳል። ገበያ ላይ ያሉትን ገልብጣችሁ ብትቆጥሩ በየ10 ሳንቲሜትሩ የተመታ ታገኛላችሁ፤ መሐል ለመሐል የሚረግበው በዚህ ነው።

የሽቦው እግር 8 ወይም 10 ሚሊሜትር ይሁን። 6 በፓይን ላይ ይነቀላል፣ 14 በእጅ ስቴፕለር ብዙውን ጊዜ ሙሉ በሙሉ አይገባም። ሽቦውን ሰያፍ አድርጋችሁ ምቱ፤ ከጨርቁ ክር ጋር ትይዩ ከሆነ ውጥረቱ ሁሉ አንድ ክር ላይ ያርፍና ይቀደዳል። ሶፋ ሠሪ በአየር መሣሪያው ሲመታላችሁ ግፊቱን ይቀንስ፣ አለበለዚያ ሽቦው ጨርቁን በስቶ ያልፋል። በተራ ፒንሳ የምትስቡ ከሆነ ጥርሱን በአሮጌ ካላማዳሪ ቁራጭ ጠቅልሉት። ማዕዘኑ መጨረሻ ይታጠፋል፤ እጥፋቱ ከላይና ከታች ይሁን፣ በግራና በቀኝ ከሆነ ከጎን ለሚያየው ይታያል። ጨርሳችሁ በጣት ስታንኳኩት እንደ ከበሮ ሊሰማ ይገባል፣ ግን እንዲያ ይሰማ ብሎ ከልክ በላይ መሳብ ጠርዙ ላይ የታተመውን ቀለም ይሰነጥቀዋል።

እቤት የተሠራው ብልጫው የሚታየው ሲበላሽ ነው። የጥጥ ካንቫስ ክረምት ላይ ትንሽ ከረገበ ከጀርባው ለብ ያለ ውሃ እፍ አድርጉበት፣ ሲደርቅ ይሰበሰባል። ከዕቃ ተጋጭቶ የጎደጎደም በዚሁ መንገድ ይመለሳል። በጣም ከረገበ የአንዱን ጎን ሽቦ በዝርግ ካቻቢቴ አንስታችሁ ደግማችሁ ሳቡ፤ ያ የ2.5 ሳንቲሜትር ትርፍ ዋጋውን የሚመልሰው እዚህ ጋ ነው። ፍሌክስ በውሃ አይሰበሰብም፣ የተለጠፈው አይነሳም፣ ትርፉን ከሽቦው ሥር ቆርጠው የሸጡት ደግሞ የሚያዝበት የለውም። ቡና የሚፈላበትና ዕጣን የሚጨስበት ክፍል የሚሰቀል ከሆነ ከመወጠሩ በፊት ውሃ ነክ ግልጽ አክሪሊክ ቫርኒሽ ሁለት ጊዜ በስሱ ቀቡት፤ ጥላሸቱ በእርጥብ ጨርቅ ይጠረጋል። የቤት ዕቃ ቫርኒሽ ቢጫ ያደርጋል፣ አትንኩት።

በቴሌግራም ፎቶ ለማተሚያ ቤት ስትልኩ በፋይል መልክ ላኩ። እንደ ተራ ፎቶ ከተላከ ይጨመቅና አብዛኛውን ጊዜ ረጅሙ ጎን 1280 ፒክሰል ሆኖ ይደርሳል፤ 80 ሳንቲሜትር ላይ ሲዘረጋ በሳንቲሜትር 16 ነጥብ ብቻ ነው። 60 በ80 ጥሩ ሆኖ እንዲወጣ ቢያንስ 2400 በ3150 አካባቢ ይኑረው። ብዥ ያለ ሥዕል ምንም ያህል ጥሩ እንጨት ላይ ቢወጠር ብዥ ያለ ነው።

ምክሬ የሚቀየረው በትልቁ ላይ ነው። አንዱ ጎን ከ90 ሳንቲሜትር ካለፈ መሐሉ ላይ ሁለቱን ጎኖች የሚያያይዝ ደጋፊ አግዳሚ እንጨት ይግባ፣ ከፊቱ ቢያንስ 1 ሳንቲሜትር ወደ ኋላ ገብቶ ጨርቁን ሳይነካ። ከ1.20 ሜትር ካለፈ ግን በኮላ የተዘጋ ፍሬም አይበቃም። ማዕዘኑ በኮላ ያልታሰረና ሽብልቅ የሚገባበት ፍሬም ያስፈልጋል፤ በረገበ ቁጥር ሽብልቁን በመዶሻ መታ መታ ማድረግ ፍሬሙን ይከፍተዋል፣ ጨርቁ ይወጠራል። እንዲህ ያለውን በትክክል የሚሠራ እንጨት ቤት ካገኛችሁ ዋጋውን ክፈሉት፤ ቀድማችሁ ግን ሽብልቁ መኖሩንና ማዕዘኑ በእጅ ሲነካ ትንሽ መንቀሳቀሱን አረጋግጡ።