«ሙሉ የብርድ ልብስ መሥሪያ» እየተባለ በጥቅል ስለሚሸጠው ክር የተጻፈ ማስጠንቀቂያ

ክረምት ሲቃረብ በቴሌግራምና በቲክቶክ የሚሸጥ አንድ ዓይነት ጥቅል አለ። ስድስት ልቃቂት ክር፣ ሁለት የሹራብ መሥሪያ መርፌና አንድ ወረቀት በላስቲክ ከረጢት ታሽገው «ሙሉ የአዋቂ ብርድ ልብስ፣ መቶ በመቶ የበግ ሱፍ፣ ለጀማሪ የሚሆን» ተብለው ይቀርባሉ። ይህን ጥቅል ከአንድ ሻጭ ገዝቼ ያገኘሁትን የምጽፈው በተለይ በልጅነታቸው ሹራብና ዳንቴል ሠርተው፣ ለዓመታት ትተውት፣ አሁን በብርድ ልብስ ወደ ሥራው ለመመለስ ላሰቡ ሰዎች ነው፤ ማስታወቂያው የሚያነጣጥረውም በእነዚሁ ላይ ነው።

ዋናው ጉድለት የክሩ መጠን ነው። ሻጩ የሚቆጥረው በልቃቂት ነው፤ ብርድ ልብስ ግን የሚለካው በሜትር ነው። በ5 ሚሊ ሜትር መርፌ በሚሠራ መካከለኛ ውፍረት ያለው ክር፣ ወርዱ 75 ቁመቱ 90 ሴንቲ ሜትር የሆነ የሕፃን ብርድ ልብስ 700 ሜትር ያህል ይወስዳል። 130 በ150 ሴንቲ ሜትር የሆነ፣ አንድ አዋቂ ሶፋ ላይ ተቀምጦ ሊደርበው የሚችል ደግሞ ከ1500 እስከ 2000 ሜትር ይፈልጋል። እንዲህ ዓይነቱ ክር አብዛኛውን ጊዜ በ100 ግራም 200 ሜትር ገደማ ስለሚይዝ፣ ስድስቱ ልቃቂት እንደ ተባለው እያንዳንዳቸው 100 ግራም ቢሆኑ እንኳ 1200 ሜትር ብቻ ናቸው፤ ማለትም «የአዋቂ» የሚለው ቃል ገና ከረጢቱ ሳይከፈት ሐሰት ነው።

ከረጢቱ ሲከፈት ነገሩ ይብሳል። ከአንዱ ልቃቂት 20 ሜትር ለክቼ በወጥ ቤት ሚዛን ስመዝነው 10 ግራም መሆን ሲገባው 14 ግራም ሆነ። በዚህ ስሌት መቶ ግራሙ የሚይዘው 143 ሜትር ያህል ሲሆን፣ ስድስቱ ተደምረው 860 ሜትር አካባቢ ይመጣሉ። የተሸጠልኝ የሕፃን ብርድ ልብስ ክር ነው ማለት ነው፤ የተከፈለው ግን የአዋቂ ዋጋ ነው። ይህን ልኬት ማንም ሰው ሥራ ሳይጀምር በጥቂት ደቂቃ ሊያደርገው ይችላል፤ እንዲያደርገውም እመክራለሁ።

«የበግ ሱፍ» የተባለውም አልነበረም። እውነተኛ ሱፍ ጫፉ በክብሪት ሲነካ እንደ ተቃጠለ ጸጉር ይሸታል፣ እሳቱ ሲርቅለት ራሱ ይጠፋል፣ የሚተወውም አመድ በጣት ሲነካ ይፈረካከሳል። የእኔ ክር ግን ቀልጦ ጠንካራ ጥቁር እንክብል ሆነ፤ ይህ የአክሪሊክና የመሰል ሰው ሠራሽ ክሮች ጠባይ ነው። (ሙከራው የሚደረገው በአንዲት ቁራጭ ክር፣ በሸክላ ሳህን ላይ፣ ውኃ በቅርብ አስቀምጦ ነው።) አክሪሊክ መጥፎ ክር ነው ማለቴ አይደለም። እንዲያውም በቀላሉ ስለሚታጠብና በሙቅ ውኃ እንደ ሱፍ ስለማይጨማደድ ለሕፃን ብርድ ልብስ እኔ ራሴ የምመርጠው እርሱን ነው። ቅሬታዬ በሱፍ ዋጋ መሸጡ ላይ ነው።

ሦስተኛው ጉዳይ ቀለም ነው፤ ከሁሉም ይልቅ ወደ ሥራው የሚመለስን ሰው የሚጎዳውም ይህ ይመስለኛል። ክር በፋብሪካ የሚቀለመው በየዙሩ ስለሆነ፣ በአንድ የቀለም ቁጥር የተሠራ ክር እንኳ ከአንዱ ዙር ወደ ሌላው በመጠኑ ይለያያል። ስለዚህም በልቃቂቱ ወረቀት ላይ ከቀለሙ ቁጥር ሌላ የማቅለሚያው ዙር ቁጥር፣ ብዙ ጊዜ «ሎት» በሚል፣ ይታተማል። ዳንቴል ስንሠራ አንዱን ማስቀመጫ በአንድ ልቃቂት እንጨርሰው ስለነበር ለዚህ ቁጥር ደንታ አልነበረንም። ብርድ ልብስ ላይ ግን ልዩነቱ በመብራት ሳይታይ ይቆይና በቀን ብርሃን ሲዘረጋ ከአንዱ ዳር እስከ ሌላው እንደ መቀነት ተሰምሮ ይወጣል። በደረሰኝ ጥቅል ውስጥ ከስድስቱ ልቃቂት የአራቱ ወረቀት ተነሥቶ ነበር፤ የቀሩት ሁለቱ ደግሞ የተለያየ ሎት ነበራቸው። ወረቀቱ ለምን እንደ ተነሣ ሻጩን ብጠይቀው «በመንገድ ወልቆ ይሆናል» አለኝ። አራቱም በመንገድ ወለቁ!

መርፌዎቹን በአጭሩ ልለፋቸው። ርዝመታቸው 25 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ለ130 ሴንቲ ሜትር ወርድ የሚያስፈልጉትን ከ200 በላይ የክር ቀለበቶች ሊይዙ አይችሉም። ለዚህ ሥራ በረጅም ገመድ የተያያዘ መርፌ ያስፈልጋል።

ሻጩ ገንዘቡን በቴሌብር አስቀድሞ ተቀበለ፤ ደረሰኝ አልሰጠም፤ ቅሬታ ሳቀርብም «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» ብሎ መለሰልኝ። በንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 መሠረት ግን ሸማች በገዛው ዕቃ ላይ ጉድለት ሲያገኝ ከተገዛበት ቀን ጀምሮ በ15 ቀን ውስጥ እንዲቀየርለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ ይችላል። ልብ በሉ፤ ማታ ማታ ብቻ የሚሠራ ሰው ክሩ እንዳነሰው የሚያውቀው ይህ ጊዜ ካለፈ በኋላ ነው። በዚያ ላይ ግማሹ ክር ተሠርቷል። ስለዚህ መመዘኑም፣ ማቃጠሉም፣ ልቃቂቶቹን በመስኮት ብርሃን ጎን ለጎን አድርጎ ማየቱም የመጀመሪያው ረድፍ ሳይጀመር መደረግ አለበት። ከረጢቱ ሲከፈት ፎቶ አንሡ፣ የማስታወቂያውን ጽሑፍና የክፍያውን መልእክት አስቀምጡ፣ ደረሰኝ የማይሰጥ ሻጭንም ተዉት።

ከጥቅሉ ይልቅ መርካቶም ሆነ ሰፈራችሁ ባለ የክር ሱቅ ወረቀቱ ያልተነሣ ክር በልቃቂት እየመረጡ መግዛት ይሻላል። ሜትሩን ከወረቀቱ አንብቡና ለምትፈልጉት ስፋት አስሉ፤ ሁሉንም ከአንድ ሎት በአንድ ጊዜ ግዙ፤ አንድ ትርፍ ልቃቂትም ጨምሩ። ሳይከፈት ከቀረ ይመልስላችሁ እንደ ሆነ ባለ ሱቁን አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ ብዙዎቹ ለደንበኛ እሺ ይላሉ።

ጥቅሉን ቀድሞ ገዝቶ መመለስ ያልቻለ ሰው ክሩን አይጣለው። ዕቅዱን ወደ ሕፃን ብርድ ልብስ ዝቅ አድርጎ፣ የተለያየ ሎት ያላቸውን ሁለት ልቃቂቶች በየሁለት ረድፉ እያፈራረቀ ቢሠራ የቀለሙ ልዩነት ተበታትኖ አይታወቅም። ክሩን ከጎን በኩል እያሻገሩ መያዝ በመጀመሪያ ያስቸግራል፤ ጥቂት ረድፎች ከተሠሩ በኋላ ግን እጅ ይለምደዋል።