ጅራቱ የሚነቀል ጂግ፦ አንድ የበረዶ ወቅት ሙሉ ከተጠቀምኩበት በኋላ

በረዶ የለበሰ ሐይቅ ላይ ቀዳዳ በስቶ ዓሣ ለሚያጠምድ ሰው፣ ጂግ የተባለው፣ መንጠቆ ያለውና አግድም የሚንጠለጠለው ሰው ሠራሽ ማጥመጃ የግድ ከሚያስፈልጉት ዕቃዎች አንዱ እንደሆነ ሻጮች ደጋግመው ይናገራሉ። እኔም ይህንኑ ሰምቼ ገዛሁት፤ ሐይቁ በበረዶ ከተሸፈነበት ጊዜ ጀምሮ በረዶው መሳሳት እስኪጀምር ድረስም ከእጄ አልተለየም። ይህን ግምገማ እንድጽፍ ያነሣሣኝ ግን የያዝኩት ዓሣ ብዛት አይደለም፤ የዕቃው ሙያ ሁሉ ያረፈበት አንድ ቁራጭ ፕላስቲክ፣ ማለትም ጅራቱ፣ እየተነቀለ ማስቸገሩ ነው።

የጅራቱን ነገር ለመረዳት አሠራሩን ማወቅ ያስፈልጋል። የጂጉ አካል በትንሽ ዓሣ አምሳያ ከእርሳስ የተሠራ ሲሆን፣ ከአፍንጫውና ከኋላው አንድ አንድ መንጠቆ ወጥቶለታል፤ ከሆዱ ሥር ደግሞ ባለሦስት ጫፍ መንጠቆ ተንጠልጥሎበታል። ክሩ የሚታሰረው በጀርባው መካከል ባለችው ቀለበት ላይ ስለሆነ ውኃ ውስጥ ሚዛኑን ጠብቆ ይጋደማል። ዘንጉን ወደ ላይ ስናነሣ ከኋላ የተተከለው ስስ የፕላስቲክ ክንፍ ውኃውን እየገፋ ጂጉን ወደ ጎን ያስኬደዋል፤ ክሩን ስናላላለት ደግሞ ዞሮ ወደ መሐል ይመለሳል። በሞቃት ወራት ከጀልባ ላይ ማጥመጃን አርቆ ወርውሮ መሳብ ይቻላል። በበረዶ ላይ ግን ከአንዲት ጠባብ ቀዳዳ በታች ያለውን ውኃ ብቻ ስለምናገኝ፣ ወደ ጎን የሚሄድ ማጥመጃ ማለት ሌላ ቀዳዳ ሳይበሱ ሰፋ ያለ ቦታ ማዳረስ ማለት ነው።

ጅራቱ በቦታው እያለ ይህ ሁሉ በትክክል ይሠራል፤ ስለዚህ በዚያ ላይ ብዙ አልናገርም። ጅራቱ ሲጠፋ የሚሆነውን ግን በሶናሩ (በድምፅ ሞገድ ዓሣ በሚያመለክተው መሣሪያ) ማያ ላይ በግልጽ ተመልክቻለሁ። ውኃ በ4 ዲግሪ ሴልሲየስ አካባቢ ከሁሉም ይበልጥ ስለሚከብድ፣ በብርድ ወራት ለብ ያለው ውኃ ከታች ይተኛል፤ ፐርችና ዎልአይ የተባሉት ዓሦችም ብዙውን ጊዜ ወደ ወለሉ ተጠግተው ይቆያሉ። ጅራት ያለውን ጂግ ሳንቀሳቅስ የዓሣው ምልክት ከወለሉ ተነሥቶ ከጂጉ ምልክት ጋር እስኪገጥም ድረስ ይወጣል። ጅራቱ ከተነቀለ በኋላ ግን ያው ምልክት ግማሽ መንገድ ወጥቶ ይቆምና ቀስ ብሎ ተመልሶ ይሰምጣል፤ ከታች ያለው ዓሣ የሚያየው ቀጥ ብሎ የሚወጣና የሚወርድ የእርሳስ ጉብታ ብቻ ነውና።

ሻጩ ምን እንደሚለኝ አስቀድሜ አውቃለሁ። «በረዶ ላይ ጥለውት ይሆናል» ይለኛል። ዓሣ ይዞ የወጣ ጂግ በረዶ ላይ ካልሆነ ወዴት ያርፋል? ዓሣውስ እየተንፈራገጠ ጂጉን ከበረዶው ጋር እንዳያላትመው ማን ይከለክለዋል? «ፓይክ ነክሶት ነው» ይል ይሆናል፤ ፓይክ የተባለውን ጥርሳም ዓሣ እንደሚይዝ ነግሮ የሸጠልኝ ግን እርሱ ራሱ ነው። «ጅራት አላቂ ዕቃ ነው» የሚለው መልስ ደግሞ ከሁሉም ይብሳል፤ አላቂ መሆኑን ካወቁ መለዋወጫ ጅራት በማሸጊያው ውስጥ ያልጨመሩት ለምንድን ነው?

እኔ እንደሚመስለኝ ጥፋቱ ያለው ጅራቱ ከአካሉ ጋር በሚገናኝበት መጋጠሚያ ላይ ነው። ፕላስቲክ ቅዝቃዜ ሲያገኘው ከእርሳስ ይበልጥ ይኮማተራል፤ ጂጉም ከውኃው ወጥቶ ብርቱ ውርጭ ወዳለበት አየር በገባ ቁጥር ሁለቱን የያዘው ማጣበቂያ ይወጠራል። በተከፈተችው ስንጥቅ ውኃ ይገባል፤ ውኃ በረዶ ሲሆን መጠኑ 9 በመቶ ያህል ስለሚጨምር ስንጥቋን እንደ ሽብልቅ ያሰፋታል። የመጀመሪያው ጅራት ሲነቀል ማጣበቂያው ከእርሳሱ ጎን ሙሉ በሙሉ ተላጦ፣ ጅራቱ በተተከለበት ጎድጓዳ ውስጥ ስስ የበረዶ ቅርፊት ቀርቶ አገኘሁ። ይህ በአንድ ምት የተሰበረ ዕቃ መልክ አይደለም።

በሱፐር ግሉ መልሼ አጣበቅሁት፤ ሱፐር ግሉ ሲደርቅ ደረቅና ተሰባሪ ስለሚሆን በመጀመሪያው ግጭት ለቀቀ። የቀድሞውን ማጣበቂያ በስለት ፍቄ፣ ጎድጓዳውን በደንብ አድርቄ ኢፖክሲ በተባለው ተቀላቅሎ በሚጠነክር ማጣበቂያ ስተክለው ግን እስከ ወቅቱ መጨረሻ ድረስ ያዘ። ይህን የሚሞክር ሰው ኢፖክሲው እስኪጠነክር ጅራቱን ቀጥ አድርጎ መያዝ አለበት፤ ጥቂት እንኳ ከዘመመ ጂጉ ወደ አንድ ወገን ብቻ መዞር ይጀምራል።

የሆዱ መንጠቆ ዓሣው ሊወጣ ሲል የቀዳዳውን የታችኛውን ጠርዝ መንከሱ፣ ቀለሙም መላላጡ የሚያበሳጭ ቢሆንም እታገሠዋለሁ። ለዚህ ሁሉ መፍትሔው ተንግስተን ከተባለው ከባድ ብረት የተሠራ ጂግ መግዛት ነው የሚሉኝም አሉ። ተንግስተን በአንድ ሴንቲ ሜትር ኩብ 19.3 ግራም፣ እርሳስ ደግሞ 11.3 ግራም ስለሚመዝን፣ የተንግስተኗ ጂግ ትንሽ ሆና ሳለ ፈጥና ትወርዳለች። እርሳስ የዋጡ የውኃ ወፎች ስለሚመረዙም ምክራቸው በዚህ በኩል ትክክል ነው። ነገር ግን ትንሿ የተንግስተን ጂግ ከቀዳዳው በታች ቀጥ ብላ ነው የምትሠራው፤ እኔ ገንዘቤን የከፈልኩት ወደ ጎን ለሚሄደው ነው።

ጅራቱን በኢፖክሲ በተከልኩበት ሰሞን ነጥብ ስጥ ብባል ከ10 ያለ ማመንታት 8 እሰጠው ነበር። ዛሬ ግን ዕቃዬን ሳስተካክል፣ ከዚሁ አምራች የገዛሁት የሌላ መጠን ጂግ ገና ውኃ ሳይነካ ጅራቱ በጣቴ ሲነቃነቅ ስላገኘሁት ከ4 በላይ አልሰጥም። ለመግዛት የቆረጠ ሰው ማሸጊያውን እዚያው ሱቁ ውስጥ አስከፍቶ ጅራቱን በሁለት ጣቱ ይዞ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይግፋው፤ ከተንቀሳቀሰ ለሻጩ ይመልስለት።