ለትንሿ ዘንዶዬ ሙቅ ቤት ለሠሩልኝ አናጺ፣ ከልብ የመነጨ ምስጋና

ይህን ጽሑፍ የምጽፈው አራት ኪሎ አካባቢ በአንዲት ጠባብ የእንጨት ሥራ ቤት ውስጥ ለሚሠሩ አንድ አዛውንት አናጺ ምስጋናዬን በአደባባይ ለማቅረብና በቤታችሁ ተሳቢ እንስሳት የምታሳድጉ ሰዎች እንድታውቋቸው ለመጠቆም ነው።

የእኔ ዘንዶ ዝርያዋ ከሰሜን አውስትራሊያ ሲሆን የቺልድረን ዘንዶ ትባላለች። ስሙን የሰማ ሁሉ የልጆች መጫወቻ ይመስለዋል፤ ነገር ግን ስያሜው የተሰጣት በ1842 እ.ኤ.አ. በእንግሊዛዊው የእንስሳት ተመራማሪ በጆን ጆርጅ ቺልድረን ስም ነው። መርዝ የላትም፤ አድጋ ስትጨርስም ርዝመቷ ከአንድ ሜትር ብዙም አይበልጥም። እሷን እስካገኝ ድረስ ሁለት ዓመት ፈልጌያለሁ። በመካከሉ አንድ ሻጭ «ትንሽ ዘንዶ» ብሎ ያሳየኝ ከቆላ ተይዞ የመጣ የአፍሪካ ዘንዶ ግልገል ነበር፤ ያን ዕለት በእጅ የሚያዝ ቢሆንም ሲያድግ ከአራት ሜትር በላይ ሊረዝም የሚችል፣ ቦታውም የተወለደበት ቆላ እንጂ የእኔ ሳሎን ያልሆነ እንስሳ ነው። አገራችን ከ1989 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አባል በሆነችበት፣ የዱር እንስሳትንና ዕፅዋትን ዓለም አቀፍ ንግድ በሚቆጣጠረው የሳይተስ (CITES) ስምምነት ዘንዶዎች ሁሉ ጥበቃ ስለሚደረግላቸው፣ ያለ ፈቃድ ወረቀት የሚቀርብላችሁን ዘንዶ እንዳትቀበሉ አደራ እላለሁ። የእኔዋ በሰው እጅ የተፈለፈለች ስትሆን፣ ሥራውን ጨርሶ ወደ አገሩ ከተመለሰ ወዳጄ ከነወረቀቷ የተረከብኳት ናት።

ከማግኘቱ ይልቅ የከበደኝ ማቆየቱ ነበር። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ በመሆኗ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል፤ ዘንዶዋ ግን በቤቷ አንደኛው ጥግ 31 ወይም 32 ዲግሪ፣ በሌላኛው ጥግ ደግሞ 25 ዲግሪ አካባቢ ሙቀት ያስፈልጋታል። ከቀዘቀዘች የበላችውን መፍጨት አትችልም፤ በመስተዋት ሣጥን ባስቀመጥኳት የመጀመሪያ ሳምንታት የዋጠቻትን አይጥ ከሦስት ቀን በኋላ ስትመልሰው በዓይኔ አይቻለሁ። ቀጥሎ ያስጠራሁት ሠራተኛ የማሞቂያውን ንጣፍ ያለ ምንም መቆጣጠሪያ በቀጥታ ከሶኬት ጋር አገናኝቶ ሄደ። ቴርሞሜትሩ 46 ሲያሳይ ነቀልኩት፤ ዘንዶዋ ገና አልገባችም ነበርና ሆዷ ከመቃጠል ተረፈ።

አናጺው ጋሼ የመጡት ከዚህ በኋላ ነው። መጀመሪያ ሲያዩዋት «እግዚኦ!» ብለው ወደ በሩ ተመለሱ፤ ነገር ግን አልሄዱም። እዚያው በሩ ላይ ቆመው ምን እንደምትበላ፣ ቀን ቀን የት እንደምትደበቅ፣ ምን ያህል ጊዜ እንደምትኖር ጠየቁኝ። ሃያ ዓመት ልትኖር እንደምትችል ስነግራቸው «እንግዲያስ ልጄ፣ ሃያ ዓመት የሚቆይ እንሥራላት» አሉኝ። ጎኖቹን፣ ጀርባውንና ጣሪያውን በሁለት ድርብ ኮምፔርሳቶ ሠርተው በመካከሉ ፎም ሞሉበት፤ መስተዋቱን ከፊት ለፊት ብቻ አደረጉት። ቴርሞስታት፣ ማለትም የሙቀት መቆጣጠሪያ፣ ገዝቼ ካላመጣሁ ማሞቂያውን እንደማይገጥሙ ነገሩኝ፤ ባመጣሁም ጊዜ ሙቀቱን የሚለካውን የሽቦ ጫፍ እንዳይንሸራተት ከንጣፉ ጋር አጥብቀው አሰሩት። ዘንዶ ጭንቅላቷ የገባበት ቀዳዳ ሌላው አካሏን እንደማይከለክላት ከነገርኳቸው ጀምሮ፣ መስተዋቱ የሚንሸራተትበትን ክፍተት ሁሉ በእርሳስ ጫፍ እየሞከሩ ደፈኑ። የኮላውና የቫርኒሹ ሽታ ሳይወጣ እንስሳ አይገባበትም ብለውም ሣጥኑን ክፍት አድርገው ለአሥር ቀን አቆዩት፤ እኔ ስቸኩል እሳቸው እምቢ አሉ።

ከሁሉም በላይ የማልረሳው የመጨረሻውን ቀን ነው። ማታ ቤቴ መጥተው ሣጥኑ 31 ዲግሪ እስኪደርስ ከጠበቁ በኋላ ማሞቂያውን ራሳቸው ነቀሉት፤ «መብራት ሲጠፋ የሚሆነውን አሁን ካላየነው መቼ እናየዋለን?» ብለው ሻይ እየጠጡ በየግማሽ ሰዓቱ ቁጥሩን በሣጥኑ ጎን ላይ በእርሳስ ጻፉ። ከአራት ሰዓት በኋላ 26 ነበር። ከዚያ ለሚረዝም መቋረጥ ሙቅ ውሃ የተሞላ ሃይላንድ በፎጣ ተጠቅልሎ የሚገባበት መደርደሪያ ጨምረውልኛል፤ ባለፈው ወር ሌሊቱን ሙሉ መብራት በጠፋ ጊዜም ያዳነን እሱ ነው። የእርሳሱ ጽሑፍ ዛሬም በሣጥኑ ጎን ላይ አለ፤ እንዲጠፋ አልፈልግም።

ዘንዶዋ ከገባች ወዲህ ምግቧን አንድም ጊዜ አልመለሰችም፤ ቆዳዋንም ሁለት ጊዜ ከራስ እስከ ጅራት ሳይቆራረጥ ጥላለች።

ጋሼን ማግኘት ለምትፈልጉ፣ ስለፈቀዱልኝ ስልካቸውን በግል መልእክት እልክላችኋለሁ። ለዔሊና ለእስስት የሚሆን ቤትም እሠራለሁ ብለዋል። የእንስሳውን ልክና የሚፈልገውን ሙቀት አስቀድማችሁ ጽፋችሁ ሂዱ፤ ከሦስት ሳምንት ያነሰ ጊዜም አትስጧቸው። ጋሼ፣ እግዚአብሔር ያክብርልኝ፤ እጅዎ ይባረክ።