የ2018 እና የ2023 ፕሮሰሰር በአንድ ጠረጴዛ ላይ፦ የዘጠኝ ወር ልምድ

በቤቴ ጠረጴዛ ላይ ሁለት ላፕቶፖች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። አንደኛው ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ኮር አይ7-8750ኤች የሚሠራ፣ ባለ 6 ጊጋባይት ጂቲኤክስ 1060 ግራፊክስ ካርድ ያለው፣ ወፍራምና ከባድ የጌም ላፕቶፕ ሲሆን ስድስት ዓመት ያህል አገልግሎኛል። ሁለተኛው ኤኤምዲ በ2023 ያወጣውን ራይዘን 7 7840ኤችኤስ የያዘ ቀጭን ላፕቶፕ ነው። ይህኛው ራሱን የቻለ ግራፊክስ ካርድ የለውም፤ የሚጠቀመው ከፕሮሰሰሩ ጋር በአንድ ቺፕ ላይ የተሠራውን ራዲዮን 780ኤም ነው። እኅቴ ከአሜሪካ ስትመጣ ይዛልኝ ከመጣች ዘጠኝ ወር ሆኖታል። ባለ ግራፊክስ ካርድ አሮጌ ላፕቶፕ ይሻላል ወይስ አዲስ ፕሮሰሰር ብቻ ያለው የሚለውን ጥያቄ ብዙ ሰዎች ስለሚያነሡልኝ፣ ሁለቱንም በየቀኑ ስጠቀም ያየሁትን እጽፋለሁ።

የሒሳብ ባለሙያ ስለሆንኩ ቀኔ የሚያልፈው በኤክሴል፣ በኢሜይልና ብዙ ታብ በተከፈተበት ክሮም ላይ ነው። ሁለቱም ኤስኤስዲ ስላላቸው ዊንዶውስ ሲነሣ፣ ሰነድ ሲከፈት ወይም ደብዳቤ ሲጻፍ ልዩነታቸው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ልዩነቱ የሚታየው በሺዎች የሚቆጠሩ መስመሮችና እርስ በርስ የተሳሰሩ ቀመሮች ያሉበትን የዓመት መዝጊያ ሒሳብ ስከፍት ነው፤ አሮጌው ቆም ብሎ የሚያስበውን አዲሱ ሳያስጠብቀኝ ያሰላዋል። በቪዲዮም በኩል ልብ ያልኩት ነገር አለ። ዩቲዩብ ኤቪ1 በሚባለው አጨማመቅ የሚያቀርባቸውን ቪዲዮዎች የአሮጌው ግራፊክስ በራሱ መፍታት ስለማይችል ሥራው በሙሉ በፕሮሰሰሩ ላይ ይወድቅና ማራገቢያው ይጮኻል። 780ኤም ግን ለዚህ የተሠራ ክፍል ስላለው ላፕቶፑ ድምፁ ሳይሰማ ያጫውተዋል።

መብራት በሚጠፋበት ሰዓት ግን ሁለቱ ጨርሶ አይወዳደሩም። የአሮጌውን ባትሪ ካስቀየርኩ በኋላ እንኳ ከሁለት ሰዓት በላይ ሠርቶልኝ አያውቅም፤ አዲሱ በሰነድ ሥራ ሰባት ሰዓት ገደማ ይቆይልኛል። ምክንያቱ የባትሪው መጠን ብቻ አይደለም። የቀድሞው ፕሮሰሰር በ14 ናኖሜትር፣ አዲሱ ደግሞ በ4 ናኖሜትር ቴክኖሎጂ (ቁጥሩ ሲያንስ አሠራሩ የረቀቀና ኃይል ቆጣቢ ነው) የተሠሩ ስለሆኑ፣ ያንኑ ሥራ ለመሥራት የሚፈጁት ኃይል በእጅጉ ይለያያል። ጠዋት ሞልቼው ወጥቼ ቻርጀር ሳልይዝ መዋሌ፣ ከጌሙ ሁሉ በላይ ኑሮዬን ያቀለለው ለውጥ ነው። ቻርጀሩ የአሜሪካ ሶኬት ስለነበረው ስጋት ገብቶኝ ነበር፤ ነገር ግን ጀርባው ላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት እንደሚቀበል ስለተጻፈ የሶኬት መቀየሪያ ብቻ በቂ ሆኗል።

ስለ ሙቀት ትንሽ ረዘም አድርጌ መናገር እፈልጋለሁ፤ አሮጌ የጌም ላፕቶፕ የሚገዙ ሰዎች ከሁሉ በላይ የሚዘነጉት ይህን ነው። የአሮጌው ፕሮሰሰር፣ 8750ኤች፣ 45 ዋት ተብሎ የሚሸጠው በመነሻ ፍጥነቱ ማለትም በ2.2 ጊጋኸርዝ ሲሠራ ነው። ስድስቱንም ኮሮች፣ ማለትም በውስጡ ያሉትን የስሌት ክፍሎች፣ አንድ ላይ ወደ 3.9 ጊጋኸርዝ ሲያወጣቸው ከዚያ በጣም የበለጠ ኃይል ይስባል፤ ሙቀቱ 100 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲደርስም ራሱን ለመጠበቅ ፍጥነቱን ይቀንሳል። የአዲስ አበባ ከፍታ ደግሞ የራሱ ድርሻ አለው። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ቦታ ያለው አየር ከባሕር ዳርቻው በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ስለዚህ ማራገቢያው የሚገፋው አየር ስፋቱ ያው ቢሆንም ክብደቱ ያነሰ በመሆኑ፣ ተሸክሞት የሚወጣው ሙቀትም ያንሳል። የከተማችን ቅዝቃዜ ጉድለቱን በከፊል ቢክሰውም፣ የበጋው አቧራ በማቀዝቀዣው ቀጫጭን ክንፎች መካከል ሲጠራቀም ያ ጥቅም ይጠፋል። እኔም ሁለት ዓመት ሙሉ ሳላስጸዳው ቆይቼ ፕሮሰሰሩ ያረጀ መስሎኝ ነበር፤ ጥገና ባለሙያው አቧራውን አውጥቶ የደረቀውን ቴርማል ፔስት (ሙቀትን ከፕሮሰሰሩ ወደ ማቀዝቀዣው የሚያስተላልፈውን ቅባት) ሲቀይርልኝ ያ ዝግመት ለቀቀው። ያገለገለ ላፕቶፕ የሚገዛ ሰው የዚህን ወጪ ከዋጋው ጋር አብሮ ቢያስብ ይጠቀማል። አዲሱም ቢሆን በከባድ ሥራ ላይ መሞቁ አይቀርም፤ ልዩነቱ ከሙቀቱ በኋላም የሚቀርለት ፍጥነት ብዙ መሆኑ ነው።

ወደ ጌሙ ስንመጣ፣ አዲሱ በሁሉም ነገር ይበልጣል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ እንደዚያ ሆኖ አላገኘሁትም። ጂቲኤ 5ን በአሮጌው ላይ ጥላውንና የምስል ጥራቱን ከፍ አድርጌ ያለ ችግር እጫወታለሁ፤ በአዲሱ ላይ ግን ወደ መካከለኛ ዝቅ ማድረግ አለብኝ። ጂቲኤክስ 1060 በሰከንድ 192 ጊጋባይት የሚያስተላልፍ የራሱ ሜሞሪ ሲኖረው፣ 780ኤም የሚጠቀመው ከፕሮሰሰሩ ጋር የሚጋራውን ራም ነው። የእኔው ባለ ዲዲአር5-5600 ራም ሁለት ሆኖ ሲገጠም እንኳ በሰከንድ 89.6 ጊጋባይት ብቻ ያስተላልፋል። ላፕቶፑ የመጣው ግን በአንድ ባለ 16 ጊጋባይት ራም ነበር፤ ሻጩም በማስታወቂያው ላይ ይህን አላነሣውም። የመጀመሪያው ወር በጌም በኩል ያሳዘነኝ ለዚህ ነው፤ አንድ ራም ሲሆን የማስተላለፊያው ስፋት በግማሽ ይወርዳልና። ተመሳሳይ ሁለተኛ ራም አስገብቼ ጌሞቹን ስከፍት ሌላ ላፕቶፕ የያዝኩ ያህል ተሰማኝ። የተለየ ካርድ የሌለው ላፕቶፕ ለጌም የሚገዛ ሁሉ ከፕሮሰሰሩ ስም ቀጥሎ ራሙ አንድ ይሁን ሁለት እንዲጠይቅ አጥብቄ እመክራለሁ።

የአዲሱ ፕሮሰሰር ብልጫ የታየኝ ስሌት በሚበዛባቸው ጌሞች ነው። በሲቲስ ስካይላይንስ ከተማዬ ትንሽ በነበረች ጊዜ ሁለቱም እኩል ያስኬዷት ነበር። ነዋሪዋና ትራፊኩ ሲበዛ አሮጌው መንገታገት ጀመረ፣ አዲሱ ግን በስምንት ኮሮቹ ተሸክሟት ቀጠለ። ካውንተር ስትራይክ 2 ላይ አሮጌው በጨዋታው መጀመሪያ የተሻለ የፍሬም ቁጥር (በሰከንድ የሚታዩ ምስሎች ብዛት) ያሳየኛል፤ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ላፕቶፑ ሲግል ግን ቁጥሩ ከፍ ዝቅ ማለት ይጀምርና ተኩሱ በሚጠነክርበት ሰዓት ይንቀራፈፋል። አዲሱ ከፍ ያለ ቁጥር ባያሳይም ያንኑ ይዞ ይቆያል፤ ለእኔ ደግሞ ይህ ጽናት ለአንድ አፍታ ብቅ ብሎ ከሚጠፋ ትልቅ ቁጥር ይበልጥብኛል። በተጨማሪም የጨረር ብርሃን ስሌትን (ሬይ ትሬሲንግ) እንደ ግዴታ የሚጠይቁ አዳዲስ ጌሞች በ1060 ላይ ከነጭራሹ አይሠሩም፤ የካርዱ ሠሪ ኤንቪዲያም ለዚህ ትውልድ ካርዶች ከኦክቶበር 2025 በኋላ የሚሰጠው የደህንነት ማሻሻያ ብቻ ነው።

ለገዢዎች ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ የፕሮሰሰሮቹ ስም ነው፤ አዲስ ቁጥር የያዘ ሁሉ አዲስ አይደለም። በራይዘን 7000 የላፕቶፕ ፕሮሰሰሮች ስም ውስጥ የኮሩን ትውልድ የሚናገረው ሦስተኛው አኃዝ ነው። ኤኤምዲ የኮር ትውልዶቹን ዜን እያለ በቁጥር ይጠራቸዋል፤ 7840ኤችኤስ ላይ ሦስተኛው አኃዝ 4 ዜን 4 ማለት ሲሆን፣ 7520ዩ ላይ ያለው 2 ደግሞ መነሻው 2019 የሆነውን ዜን 2 ያመለክታል፤ ሁለቱም ግን በ7 ጀምረው በአንድ መደርደሪያ ላይ ይሸጣሉ። በኢንቴል በኩልም ኮር አይ5-1235ዩ አሥር ኮር አለው ሲባል፣ ትልልቆቹ ኮሮች ሁለት ብቻ መሆናቸውንና የቀሩት ስምንቱ ኃይል ቆጣቢ ትንንሾች መሆናቸውን ማወቅ ያስፈልጋል። ያገለገለ ባለ ኢንቴል ላፕቶፕ ለሚገዛ ደግሞ ድንበሩ ስምንተኛው ትውልድ ነው። ዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፉ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 ስላበቃ፣ እንደ አይ7-7700ኤችኪው ያሉትን ዊንዶውስ 11 በይፋ የማይቀበላቸውን ፕሮሰሰሮች፣ ዋጋቸው ቢያጓጓም፣ እኔ አልገዛቸውም።

አሮጌውን አልሸጥኩትም። ቻርጀሩ ላይ እንደተሰካ ለታናሽ ወንድሜ ጂቲኤ መጫወቻ ሆኗል፤ ግራፊክስ ካርዱም ለዚህ ሥራ አሁንም አላነሰውም። አዲሱ ከእኔ ጋር ወደ ቢሮ ይመላለሳል፤ ሁለተኛውን ራም ካስገባሁበት ቀን ወዲህ አልከፈትኩትም፤ የዘንድሮው በጋ ሲያልቅ ግን ሁለቱንም አንድ ላይ አስጸዳቸዋለሁ።