የጦሩ ገንዘብ ወይስ የኤንኤስኤፍ? ለፒኤችዲ የቱ ላብ ይሻላል
አራት ኪሎ ፊዚክስ ጨርሰው አሜሪካ የሚያመለክቱ ልጆች የሚጠይቁት ነው። ኤንኤስኤፍ (NSF) ከጦሩ ውጭ ያለ፣ ለሳይንስ ምርምር ገንዘብ የሚሰጥ የአሜሪካ መንግሥት ተቋም ነው።

ገንዘብ፦ ሙሪ (MURI) የሚባለው የፔንታጎን የዩኒቨርሲቲ ምርምር ድጋፍ ለአንድ ቡድን በዓመት ከ1 ሚሊዮን ዶላር በላይ ይሰጣል፤ ባብዛኛው ለ3 ዓመት፣ ከተሳካ 2 ይጨመራል። የኤንኤስኤፍ የአንድ ፕሮፌሰር ድጋፍ በጣም ያንሳል።

ሥራ፦ ሙሪ የፊዚክስ፣ የሒሳብና የኬሚስትሪ ሰዎችን ከተለያዩ ዩኒቨርሲቲዎች ያገናኛል። ርዕሱን የሚያወጡት ግን የምድር፣ የባሕርና የአየር ኃይሉ የምርምር ቢሮዎች ናቸው። ኤንኤስኤፍ ዘንድ ሐሳቡ በአመዛኙ ከፕሮፌሰሩ ይመነጫል።

ስጋት፦ ሙሪ መሠረታዊ ምርምር ስለሆነ ውጤቱ በአብዛኛው ይታተማል፤ ቦምብ ሥሩ የሚል የለም። ለኢትዮጵያ ፓስፖርት ገደብ ካለ ግን አስቀድማችሁ ፕሮፌሰሩን ጠይቁ።

ውድ መሣሪያና ሰፊ ቡድን ለሚሻ ሙሪ፤ የራሱን ጥያቄ ይዞ ለሚሄድ፣ ወይም የጦር ገንዘብ ሕሊናውን ለሚቆረቁረው ኤንኤስኤፍ።