መቃኟችንን የሠሩልን ሽማግሌ አናጢ

ዘጌ ላይ እንደ አባቶቻችን ደንብ ትንሽ ክብ መቃኞ፣ ማለትም አነስተኛ ቤተ ክርስቲያን፣ ለማሠራት ስንነሣ፣ ባሕር ዳር ያነጋገርናቸው ተቋራጮች ከብሎኬትና ከቆርቆሮ ሌላ አናውቅም አሉን። በመጨረሻ ያገኘናቸው ሽማግሌ አናጢ ግን ገና በመጀመሪያው ቀን ልቤን አሳረፉት። መሬቱ መሃል ችካል ተክለው፣ ገመድ አስረው፣ በዝግታ እየዞሩ ክቡን አሰመሩ። ቦታው ጠባብ ቢሆንም ቅኔ ማኅሌቱን፣ ቅድስቱንና ባለ አራት ማዕዘኑን መቅደስ አንዱንም አላጎደሉም።

የወይራውን ምሰሶ ሥር ምስጥ እንዳይደፍረው በእሳት ለብልበው ቀበሩት። ጭቃው ከጤፍ ጭድ ጋር እየተረገጠ ሦስት ሳምንት ቦካ። እኔ ቸኩዬ «አይበቃም ወይ?» ስላቸው ከጭቃው ቆንጥረው በጣቶቼ መሃል አሹልኝ፤ እንደ ሊጥ ተለጠጠ። «አሁን ይመረጋል» አሉኝ። ያ ግድግዳ ዛሬም አንድ ስንጥቅ የለበትም።

ቅሬታዬንም ልናገር፦ ሥራው ከተባለው ቀን ሁለት ወር ዘገየ፣ በሐምሌም የሣር ክዳኑ በሰሜን በኩል አፈሰሰ። መልእክት በላክን በአራተኛው ቀን ግን በጀልባ መጡ፤ ክዳኑን ገልጠው ሣሩን አጥብቀው ደረደሩት፤ ሳንቲም አልጠየቁም። ከዚያ ወዲህ የነሐሴ ዶፍ ሲወርድ ቅዳሴ ቆመናል፤ ጠብታ አልነካንም።

እናንተም የምታሠሯቸው ከሆነ ግን የእንጨቱን ማጓጓዣ ለብቻው ተዋዋሉ። ከዋናው ዋጋ ውስጥ አይገባም።