ጄል፣ ካፒላሪ ወይስ ቺፕ? የኤሌክትሮፎረሲስ መሣሪያ ለሚገዙ

ኤሌክትሮፎረሲስ ዲኤንኤንና መሰል ሞለኪውሎችን በኤሌክትሪክ እያስኬዱ መለየት ነው። የማይክሮፍሉዊዲክ ቺፕ (ፈሳሽ በቀጫጭን መንገዶች የሚሄድበት ትንሽ ሰሌዳ) ሻጭ መጀመሪያ የሚያወራልዎ ስለ ፍጥነቱ ነው። አልዋሸም፤ ይፈጥናል። ወጪውን የሚወስነው ግን ሌላ ጥያቄ ነው፤ በአንድ ጊዜ ስንት ናሙና ይደርስዎታል?

የፍጥነቱ ምስጢር ሙቀትን ቶሎ ማስወጣት ነው። ቮልቴጅ በጨመረ ቁጥር ሞለኪውሎቹ ቶሎ ይለያያሉ፤ ሙቀቱም አብሮ ይጨምራል። የአጋሮዝ ጄል (እንደ ጄሊ የረጋ ሰሌዳ) ወፍራም በመሆኑ ሙቀቱን ቶሎ አያስወጣም፤ ስለዚህ በ100 ቮልት አካባቢ እየሠራ አንድ ሰዓት ገደማ ያስጠብቃል። ካፒላሪ ቀጭን ቱቦ ነው፤ ውስጠኛ ስፋቱ ብዙውን ጊዜ ከ50 እስከ 75 ማይክሮሜትር ስለሆነ ሙቀቱን ቶሎ እያስወጣ እስከ 30,000 ቮልት ይችላል። ቺፑም ያንኑ ቀጭን መንገድ ወደ ጥቂት ሴንቲሜትር ያሳጥረዋል። መንገዱ ሲያጥር ግን የመለየት አቅሙ ይቀንሳል። በአንድ ቤዝ (በአንድ የዲኤንኤ «ፊደል») ብቻ የሚበላለጡ የዲኤንኤ ቁርጥራጮችን መለየት ካለብዎት ረጅሙን ካፒላሪ ይግዙ።

ጄሉን አይናቁት። ፒሲአሩ (ዲኤንኤን የማባዛት ሥራው) ይሥራ አይሥራ ለማየት ከሱ የሚረክስ የለም፤ ባንዱን (ዲኤንኤው የተሰበሰበበትን ሰረዝ) በምላጭ ቆርጠው ዲኤንኤውን መልሰው ማውጣትም ይችላሉ። በተለመደው የትንተና ቺፕ የገባ ናሙና ግን አይመለስም።

ቺፕ የሚያዋጣው ናሙናው ትንሽና ውድ ሲሆን ነው። በ1999 ገበያ ላይ የዋለውን የአጂለንት 2100 ባዮአናላይዘር እንውሰድ። 1 ማይክሮሊትር አርኤንኤ ይበቃዋል፤ በግማሽ ሰዓት ገደማ ውጤቱን ያወጣል፤ አርኤንኤው ምን ያህል እንዳልተበጣጠሰም ከ1 እስከ 10 ነጥብ ይሰጣል። አርኤንኤ ለሲኩዌንሲንግ (ለቅደም ተከተል ንባብ) ለሚያዘጋጅ ላብራቶሪ ይህ ነጥብ ብቻውን መሣሪያውን ያስገዛል። ሁለቱን የራይቦዞም አርኤንኤ ባንዶች ጄል ላይም በዓይን ማየት ይቻላል፤ ግን አንዱ ባለሙያ «ደህና ነው» ያለውን ሌላው ላይቀበለው ይችላል።

ችግሩ እዚህ ጋ ነው። የአርኤንኤ ናኖ ቺፕ 12 ናሙና ይይዛል፤ አንዴ ጄል ከተሞላ ለነገ አይቀመጥም። ሦስት ናሙና ብቻ ካለዎት የቀሩት ዘጠኝ ጉድጓዶች እንኳ ማርከር (የማመሳከሪያ ፈሳሽ) ሊጨመርባቸው ይገባል፤ ከዚያ ቺፑ እንዳለ ይጣላል። ናሙና አንድ ሁለት እያለ የሚመጣበት ቤት ከሆነ የዚያው ኩባንያ ቴፕስቴሽን ይሻላል፤ ከቴፑ 16 መስመሮች ያልተነኩትን ለሌላ ቀን ማቆየት ይቻላል።

አያያዙም ጣጣ አለው። የቺፑ ጄል ከፍሪጅ ወጥቶ ወደ ክፍሉ ሙቀት እስኪደርስ መጠበቅ ያስፈልጋል። የፒፔቱ ጫፍ ወደ ጉድጓዱ ታች ካልወረደ አረፋ ይገባል፤ አረፋ የገባበት ናሙና ውጤት አይታመንም። ጨው የበዛበት ናሙናም ውጤቱን ያዛባል።

የራስዎን ንድፍ የሚያሠሩ ኬሚስት ከሆኑ ምርጫው የቁሳቁስ ይሆናል። ፒዲኤምኤስ (የሲሊኮን ጎማ ዓይነት) በርካሽና በፍጥነት ይቀረጻል፤ ነገር ግን ውሃ የማይወዱ ትናንሽ ሞለኪውሎችን ይመጥጣል፣ ብዙ ኦርጋኒክ አሟሚዎችም ያሳብጡታል። የገጹ ባሕርይ ከቀን ቀን ስለሚለወጥ የፍልሰት ጊዜውም (ሞለኪውሎቹ መንገዱን የሚጨርሱበት ጊዜ) ይዋዥቃል። ብርጭቆ ዋጋው ይወደዳል፤ ሆኖም ታጥቦ ደጋግሞ ይሠራል። ለመድኃኒት ትንተና እኔ ብርጭቆን ነው የምመርጠው።

ከመፈረምዎ በፊት የኪቱን የአገልግሎት ማብቂያ ቀን ይጠይቁ። የአርኤንኤ ናኖ ኪት 25 ቺፕ ነው፤ 300 ናሙና ማለት ነው። ግማሹን እንኳ ሳይጠቀሙ ቀኑ የሚያልፍብዎ ከሆነ ለጊዜው የአጋሮዝ ጄሉ ይበቃዎታል።